ከድልድዩ በታች ያለው መሬት

የልጅቷ ትኩሳት በረድ ያለው በስብሰባው ቀን ጠዋት ነበር። እናትየዋ ግን አላመነችም። ግንባሯን በመዳፏ ነካች፤ በእጇ ጀርባ ደገመችው፤ ከዚያም ጉንጯን ለጥፋ አዳመጠችው፣ ትኩሳት ድምፅ ያለው ይመስል።

«እኔ እቀራለሁ፤ እንደዚህ ትቻት አልሄድም» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው የምትቀሪው?» አለቻት የባሏ ታላቅ እህት፣ ደጃፉ ላይ ጭቃ የያዘ ጫማዋን እያወለቀች። ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ «እትዬ» ነው የሚሏት። «ድልድዩ ላይ ጎማ በገባ ቁጥር መንቀጥቀጡ አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል። አንድ ቀን ሰው ይዞ ይወርዳል። አንቺ ሂጂ፤ ሚጡን እኔ እይዛታለሁ።»

«መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ ነው። ውሃ ደጋግመሽ ስጫት፤ ከፈላው ነው ታዲያ። በሩን ደግሞ ዝጊው፤ ታውቂያታለሽ፣ ክፍት ካገኘች…»

«ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሞተ እንዴ?»

እናትየዋ ሳትወድ ሳቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል እትዬ ከኋላ ጠራቻት።

«ስለኔም መሬት ንገሪልኝ። አሁን ሲያዩት ባዶ ነው የሚመስላቸው።»

«እነግርልሻለሁ፣ እትዬ።»

ከድልድዩ በታች ወንዙ ጎኑን ያዞራል። ዝናብ ሲበረታ ይሞላና ዳርቻውን ይውጠዋል፤ ሲሸሽ ደግሞ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። እትዬ ደለሉ እግር መሸከም ሲጀምር ጠብቃ ቦሎቄና ሽንኩርት፣ ዳር ዳሩን ዱባ ትዘራበታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚያ ነው። አጥር የለውም፤ ቢታጠርም ወንዙ ይወስደዋል። የይዞታ ወረቀትም የለውም። ውሃው ገና በሸሸ ሰሞን ለሚያየው እንግዳ፣ የሚያውቅ ሰው ካልነገረው በቀር፣ ያው ጭቃ ነው።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አንዱ ክፍል ውስጥ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ፊት ለፊት የቆመው ቀጭን ሰው የአካባቢ ጥናት ባለሙያ ነው። ከመጣ ጀምሮ ወንዙን ከላይም ከታችም በጠርሙስ እየቀዳ በሣጥን ስለሚደረድር፣ ሰፈሩ ከኋላው «ጠርሙሴ» ብሎታል። አሮጌው ድልድይ ፈርሶ አዲስ ከመሠራቱ በፊት ሥራው ወንዙን፣ ዛፉንና ሰዉን ምን እንደሚያደርግ ማጥናት አለበት። ጥናቱ ካላለቀ አንድ ድንጋይ አይነሳም።

«ጌታው፣ ዓሦቹንስ ጠይቃችኋል?» አለ ባለወፍጮው ከኋላ።

«ጠይቀናል» አለ ባለሙያው ሳይስቅ። «ሲሚንቶ እንዳትደፉብን ብለዋል። ሌላ ቅሬታ የላቸውም።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እናትየዋም ከሰዎቹ ጋር እየሳቀች ነበር፣ ሰውየው ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ወንዙን እስኪሥል ድረስ። አሮጌው ፈርሶ አዲሱ እስኪቆም መኪናዎች በተለዋጭ መንገድ ማለፍ አለባቸው። ወይ ከድልድዩ በላይ፣ ወይ ከድልድዩ በታች። የላይኛውን መስመር ሲስብ ጠመኔው ሲጥ አለ። መስመሩ ከዋናው መንገድ ተገነጠለ፤ ባለወፍጮውን ቤት አለፈና የእሷን ደጅ ገጭቶ ወደ ውሃው ወረደ።

«በቀን ምን ያህል መኪና ነው?» ብላ ጎኗ ያለችውን ሴት በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ድንጋይና አሸዋ የሚጭነው ሁሉ ነዋ! ቤትሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙም አልሰማችም። ባለፈው ሰሞን ሚጡ በሩ ገርበብ ብሎ ስታገኘው ወጥታ ነበር። አንድ ሞተረኛ ልጅቷን አድናለሁ ብሎ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ሞተር ነው የሳታት። አሁን የምታየው ግን ድንጋይ የጫነ መኪና ነው፤ ከኋላው አቧራ፣ ከፊቱ ያቺ ትንሽ ልጅ።

«የታችኛው ዳርቻ ባዶ ነው» እያለ ነበር ባለሙያው። «እዚያ የሚጠቀም ሰው አለ?»

አንዱም አንዱም ዞሮ እሷን አያት፤ የእትዬ ዘመድ እሷ ናትና። ብድግ ስትል ጉልበቷ ዴስኩን መታው።

«እሱ… የወንዙ ነው» አለች።

ሰው ሳቀ። ባለሙያውም ፈገግ አለ። «ከወንዙ ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ማንም አላረማትም። ገሚሱ የላይኛው መስመር በደጁ የሚያልፍበት ነበር። የቀረው ደግሞ፣ የገዛ ዘመዷ ካለች ቤት ውስጥ ተመካክረውበታል፣ እኛ ምን አግብቶን፣ ብሎ ዝም አለ። ባለሙያው የላይኛውን መስመር በመዳፉ ጠረገው። መናገር የሚፈልግ ካለ ጥናቱ እስኪዘጋ ድረስ ድልድዩ ሥር እንደሚያገኙት ነግሯቸው ስብሰባው ተበተነ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናትየዋ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ሁለት ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሩን ቀስ አድርጋ ስትከፍት እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሚጡ ደረቷ ላይ ተኝታለች።

«ክንዴ ደንዝዟል» አለች እትዬ በሹክሹክታ። «እንዳትነቃ ብዬ ነው። ትኩሳቱ ለቋታል። ነገርሽልኝ?»

«ስለ… አዎ። ስለ ታችኛውም ተነስቷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

እናትየዋ ልጇን ስትቀበላት የእትዬ እጅ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለ። እትዬ በሌላኛው እጇ እያሸችው፣ እየሳቀች ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጭንቅላታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ከድልድዩ በታች ደለሉ ላይ ተተከሉ። እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ሽንኩርት ቋጥራ፣ ገና ከሩቁ እየጮኸች መጣች።

«አየሽው? መሬቴን ቸከሉልኝ እኮ! ቀይ ቀለም ቀብተው! እንግዲህ ወንዙም አይደፍረኝ!»

እናትየዋ እጇ ላይ የነበረውን ጆግ አስቀመጠች።

«ምን አልሻቸው ግን? አንቺ እኮ ሰው ፊት ስትቆሚ የራስሽ ስም ነው የሚጠፋሽ።»

«ያው… እንዳለ ነው የነገርኳቸው።»

«ምላስሽ ይባረክ! ያኔ ወንድሜ ሲያገባሽ ዝምተኛ ናት ብዬ ተከፍቼ ነበር። አፌን ቁረጠው!» ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። «ካለፈው የተረፈኝ ነው። የዘንድሮውን ደግሞ ታያለሽ።»

እትዬ ስትሄድ እናትየዋ ሽንኩርቱን ላጠች፤ ከተፈች። ድስት ውስጥ ልትጨምረው ግን አልቻለችም። ልትጥለውም አልቻለችም። በሳህን ከድና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

ከራሷ ጋር ስትከራከር ሰነበተች። ምን ዋሸሁ? የወንዙ አይደለም ወይ? ወረቀት አላት? ደግሞስ ለአንድ ዓመት ነው፤ ውሃው ሲመለስ አዲስ ደለል ያመጣ የለ? ልጅ ግን በአዲስ አይተካም። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ የረታች ይመስላታል። ወዲያው ያ የደነዘዘ ክንድ ትዝ ይላትና ክርክሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ባሏ ለሥራ ከሄደበት ቢደውልም አልነገረችውም። «እትዬ ደህና ናት?» ሲላት «ደህና ናት» ብላ ስለ ሚጡ ጥርስ አወራችው።

አንድ ቀን ሚጡን አዝላ እህል ልታስፈጭ ሄደች። ባለወፍጮው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ ተቀበላት።

«የኛን ደጅ አተረፋችሁልን እኮ! እኔ በአቧራ ታፍኜ ልሞት ነው ብዬ ነበር።»

«አንተ ከዚህ በላይ አቧራ ያሰጋሃል?»

«ይሄማ የሚበላ አቧራ ነው!» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ግን እንዴት እሺ አለች? እኔ ብሆን አገር ነበር የማስጮኸው።»

«ምንም አላለችም» አለች እናትየዋ። ይሄ እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም አፏ ውስጥ መረራት።

«ቅን ሰው ናት። ስሄድም ስመለስም ያቺን ጭቃ እየቆፈረች ነው የማያት። መኪና ሊሄድበት ምን ያስቆፍራታል? ልማድ ይሆናላ። ለነገሩ ጠርሙሴ ዛሬ የመጨረሻውን ውሃ ቀድቶ ሊሄድ ነው አሉ።»

ቆፈረች የሚለውን ስትሰማ እህሏን እዚያው ትታ ወጣች። ባለወፍጮው «ተራሽ ደርሷል እኮ!» ሲል አልዞረችም።

እትዬ ችካሎቹ መሃል ጎንበስ ብላ ነበር። ሽርጧ በዘር አብጧል። ጣቷን ደለሉ ውስጥ ትነክራለች፤ አንድ ፍሬ ትጥላለች፤ በተረከዟ ትደፍነዋለች።

«መጣሽ? እዚያው ቁሚ፣ ያዳልጣል። ሚጡዬ፣ የኔ እመቤት!»

«እትዬ፣ ችካሉ ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ? የባለወፍጮው?»

«የመኪና መንገድ ነው። ድልድዩ ሲፈርስ በዚህ ነው የሚያልፉት። ሰው አለበት ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ቀስ ብላ ቀና አለች። እጇ ሽርጧ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ረሳሽው አይደል?» አለች። «አውቅሻለሁ እኮ። ብዙ ዓይን ሲያይሽ ሁሉም ይጠፋብሻል።»

አዎ ብትላት ያልቅ ነበር። እትዬ ራሷ በሩን ከፍታ ይዛላታለች። እናትየዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን ክብደት ወደ ላይ ገፋ አደረገችው።

«አልረሳሁም። በኔ ደጅ ሊያልፍ ነበር። ለሚጡ ፈርቼ ነው።»

በድልድዩ ላይ ጋሪ አለፈ፤ ሳንቃው ተንቀጠቀጠ።

«ሚጡ ያኔ የት ነበረች?» አለች እትዬ።

«አንቺ ጋ።»

«እኔ ጋ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሽርጧን ቋጠረች። «ሰውየው አለ?»

«ድልድዩ ሥር ነው።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? እኔ ብሄድ መንገድ ሲሠራ ባለመሬት ነኝ ባይ መጣች ይለኛል። ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አፍርሺው።»

ባለሙያው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር። የጠርሙሱን ክዳን እያጠበቀ አዳመጣት። እየተንተባተበች ደለሉን፣ ዘሩን፣ ውሃው የሚሸሽበትን ወቅት ነገረችው።

«ስብሰባው ላይ ግን ማንም የለም ብለውኛል» አላት።

«ዋሽቼ ነው።»

ሰውየው ይህን የጠበቀ አይመስልም። ወደ እትዬ ዞረ። «እርስዎስ ያን ቀን ለምን አልመጡም?»

«ልጅ ይዤ ነበር።»

«የማን ልጅ?»

እትዬ በአገጯ ጠቆመችው። ሰውየው የእናቷን የነጠላ ጫፍ እያኘከች የምታየውን ሚጡን ተመለከተ፤ ከዚያ እናትየዋን፤ ከዚያ ውሃውን።

«ሰው የሚያርሰው ከሆነ ጥናቱ ውስጥ መግባት አለበት» አለ በመጨረሻ። «ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም። ግን ይሄ ከቀረ ያለው የላይኛው ነው። እሱ ደግሞ…»

«በኔ ደጅ ነው። አውቃለሁ።»

«ከባድ መኪና ነው። ልጅ አለዎት።»

«አጥር… አጥር ይደረግልናል?»

«እጠይቃለሁ። ቃል ግን አልገባልዎትም። ጎረቤቶችዎም በድጋሚ ይጠየቃሉ፤ ደስ አይላቸውም። ምን ብዬ ልያዘው?»

እትዬ ከኋላዋ ቆማለች። እናትየዋ እባክሽ ተይው፣ ለአንድ ዓመት ነው፣ ትለኛለች ብላ እየጠበቀች መሆኗ ታወቃት፤ ከዋሸችው ይልቅ በዚህ አፈረች።

«በላይ ይሁን» አለች። «ባለወፍጮውም ሌላውም በኔ ይምጣ።»

ሰውየው ጠርሙሱን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ የላይኛውን መስመር እንደገና ሊያይ ዳገቱን ወጣ። እትዬ ሳትጠብቃት ወደ ደለሉ ተመለሰች፤ ጎንበስ ብላ ካቆመችበት ጀመረች። እናትየዋ ተከተለቻት። ምን እንደምትል አላወቀችም፤ መሄድም አልሆነላትም። ጫማዋን አወለቀችና እንዳቅሟ ልታግዝ ወደ መሃል ገባች።

«እዚያ አትርገጪ» አለች እትዬ፣ ቀና ሳትል። «ዘርቻለሁ።»

«የት ልርገጥ?»

እትዬ አንድ ፍሬ ጣለች፤ በተረከዟ ደፈነችው።

እናትየዋ አንድ እግሯን አንስታ፣ ልጇን አዝላ፣ የት እንደምታሳርፈው እያየች ቆመች።