ድምፁን ከፍ የሚያደርገው

ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው «ብሎን» ይለዋል። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከባሏ ሸሽታ ከወጣች ጀምሮ አብራው ትኖራለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ጠባብ ግቢና ሲከፈት የሚያቃስት የብረት በር አለው። የስፌት መኪናዋን ሳሎኑ መስኮት ሥር ተክላ ቀኑን ሙሉ ስትረግጥ ትውላለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የት እንዳለች አያውቅም፤ እነሱም እንዲያውቅ አይፈልጉም።

አባታቸው ትቶላቸው የሞተው ሀብት አንድ ካርቶን ካሴት ነበር። ብሎን ሥራ ሲቀዘቅዝበት ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጣቸው። ከዚያ ደንበኛ የጣለውን ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቁምሳጥን ላይ ሰቅሎ፣ ከስፒከር ጋር አገናኝቶ፣ እህቱን ጠራት።

«ይኸውልሽ እታለም፣ ሰርቨር።»

«ሰርቨር ደግሞ ምንድን ነው?»

«አገልጋይ ማለት ነው።»

«አገልጋይ ከሆነ ሳህን ይጠብልኛ!»

«ስሚኝ እንጂ። ድሮ ሻይ ቤት ሳንቲም ሲያጎርሱት ዘፈን የሚያጫውት ሣጥን ነበር አይደል? ያው እሱ ነው። አሁን ሳንቲሙ ቀርቶ በስልክ ሆነ። ገጹን ከፍተሽ የፈለግሽውን ዘፈን ስትነኪ ስፒከሩ ይዘፍናል። ድምፁንም ከዚያው ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችያለሽ። አገር አቋርጠሽ ብትሄጂም ይሠራል።»

ይህን ሁሉ የለፋው ለእናታቸው ሲል ነው። እናትየው ርቆ ባለ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ብሎን የቤቱን ዋይፋይና ገጹን ስልካቸው ላይ ጫነላቸው። የሚስጥር ቁጥር አይሆንላቸውም ብሎ ያለ ቁልፍ ከፈተው። ከተመለሱ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ድንገት ዘፈን ይነሳል፤ ገጹ ላይም «እማዬ መርጣለች» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። እህትየው ትስቃለች። «እማዬ ደህና አደራችሁ እያለችን ነው» ትላለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሳክስፎን የሚጀምር ዘፈን መጣ። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረው እግሯ ቀጥ አለ።

«ምነው?» አላት ብሎን።

«ምንም።»

ምንም አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ባሏ እጁን ከማንሳቱ በፊት ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ሬዲዮኑ ላይ ዘፈን ሲያጣ ካሴት ይከታል፤ ከሁሉም የሚወደው ይህን ዘፈን ነው። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ ለእናቷም ቢሆን። አባቴም ይወደው ነበር እኮ፣ እማዬ አባዬን አስታውሳ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ገጹም «እማዬ መርጣለች» ነው የሚለው።

በማግስቱም ያው ዘፈን መጣ። በሦስተኛውም ቀን። እናቷ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ስትደውል ተነሳ።

«እማዬ? እማዬ፣ ይሰማሻል?»

የሚናገር ሰው የለም። ከሩቅ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ተዘጋ።

«ኔትወርክ ነው» አላት ብሎን። እሷም ኔትወርክ ነው ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ያን ቀን የሰፋችውን ግን መልሳ ፈታችው።

ከሰዓት በኋላ ነበር ጉዱ የፈላው። ሳክስፎኑ ተነሳ፤ ቀጥሎ ድምፁ በራሱ ጊዜ ከፍ፣ ከፍ ማለት ጀመረ።

«ኧረ ቀንሰው!»

«እኔ አልነካሁም!» ብሎን በስልኩ ቀነሰው። ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ቀነሰው፤ ወጣ። የማይታይ እጅ ከእሱ ጋር የሚታገል ይመስል ነበር።

በዚህ መሃል የእህትየው ስልክ በማታውቀው ቁጥር ጠራ። ወደ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ አነሳችው። እናቷ ናቸው።

«በጎረቤት ስልክ ነው ልጄ። የኔን ለማሠራት ከሰጠሁት ወዲህ አጣሁሽ ብዬ ተቸገርኩ።»

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለሰው ነዋ፣ እንዲያሠራልኝ።»

«እማዬ፣ ለማን?»

«እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ አንጀቴን በላው። አማችም ልጅ ነው እኮ። መስታወቱ መሰንጠቁን ሲያይ አሠርቼ አመጣለሁ ብሎ ወሰደው። ያለሽበትን ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ በእናንተ እምላለሁ!»

እህትየው ወጥታ ለወንድሟ ስትነግረው ክው አለ። እናቱ ሊመጡ ሲሉ ቤቱን እንዳያጡት እስከ በሩ ቀለም ድረስ ጽፎ የላከላቸው አቅጣጫ ስልኩ ውስጥ አለ። ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተያያዙትን ስልኮች ከፍቶ አየ። የእሱ አለ። የእህቱ አለ። ሦስተኛው የእናቱ ነው።

«እታለም፣ የእማዬ ስልክ የኛ ዋይፋይ ላይ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«የኛ ዋይፋይ ከግቢው በር አያልፍም።»

ሁለቱም በመስኮቱ ተመለከቱ። የብረት በሩ ይናወጣል፤ ይወዛወዛል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ሙዚቃው ውጦታል። መቀርቀሪያው በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይለቃል።

ብሎን ትልቁን መፍቻ አንስቶ ወደ በሩ ሮጠ። እህቱ ክንዱን ያዘችው። «አትውጣ! ይገድልሃል!» ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን ገመድ በሙሉ ጎትታ ነቀለችው።

ዝም አለ። ዝም ሲል ደግሞ የብረቱ ጩኸት መንገዱን ሞላው። እሷም መስኮቱን ከፍታ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያልወጣትን አወጣችው።

«ጎረቤት! ኧረ የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!»

ፊት ለፊት ያለው አናጺ ከነሠራተኞቹ ወጣ። ከጎን ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። መደብደቡ ወዲያው ቆመ።

«ምን ሆናችኋል?» አለ ሾፌሩ ፈገግ ብሎ። «የአማቼን ስልክ ላደርስ ነው የመጣሁት። ይኸው ተሠርቷል።» ስልኩን ለአናጺው ሰጠው። ከዚያ በበሩ ክፍተት አሻግሮ አያት። «ጥሩ ቤት ነው። ለካ ጎረቤትም አላችሁ።» እየተዝናና ሄደ።

ፖሊስ ጣቢያ ያገኙት መኮንን ትሁት ሰው ነበር። «አልገባ፣ አልመታ፣ አልሰደበ» አላቸው። «ስልክ መልሷል። ምን ብዬ ልያዘው?»

በዚያው ሳምንት ዕቃቸውን ጭነው ሌላ ሰፈር ገቡ። የቀድሞ ሰፈራቸው አናጺ ደውሎ፣ አንድ የጭነት መኪና በባዶው ቤት ፊት ለፊት እያዘገመ እንደሚያልፍ ነገራቸው።

እናትየው በደወሉ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። «ተቀይመሽኛል» ይላሉ።

«አልተቀየምኩሽም እማዬ» አለቻቸው አንድ ቀን። «ግን የምኖርበትን አልነግርሽም።»

«ይሁን» አሉ እናትየው። «ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል?»

«ይገባዋል» አለች። በየት በኩል እንደሚገባው ግን አልተናገረችም።