የጋሽ ቤዝ ወንበር

ጋሽ ቤዝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በወጣትነታቸው ከባንዱ ጋር የቀረጹትን ዘፈን እየሰሙ ነው። ዘፋኙ አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ድራሙ አለ። እሳቸው ብቻ የሉም። «ቤዝ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸውን የቤዝ ጊታር ድምፅ ውሃ በልቶታል።

«በቃ፣ ጆሮዬ አልቆለታል» አሉ በሆዳቸው።

ይህን ከጠረጠሩ ሰንብተዋል። የድሮ ጓደኞቻቸው «ቅዳሜ መድረክ እንውጣ» ብለው ሲጠሯቸው፣ ባለቤታቸውን «ወገቡን አሞታል፣ አይመጣም ብለሽ ደውዪላቸው» አሏቸው። ወገብ ማለት ጆሮ ከማለት ይቀላል መቼም። ቤዙን የማይሰማ ቤዝ ተጫዋች ምን ይሠራል?

ቤዙ ይጎላላቸው ብሎ ሰብዉፈር ገዝቶ ያመጣው የልጃቸው ባል ነው። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ታቅፈው የሚያነሱት ጥቁር ሳጥን ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠና ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተ፣ ከጀርባው ያለችውን ማብሪያ ወዲያ ወዲህ አደረጋት።

«አሁንስ አባባ?»

«እ… አሁን ትንሽ አለ።»

ውሸታቸውን ነው። ምንም የለም።

«ኧረ ይኸው ወለሉን እያንቀጠቀጠው ነው!» አለ አማቻቸው፣ ሳጥኑ ሥር ተንበርክኮ።

ይሄኔ የጋሽ ቤዝ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። «ልጄ፣ አትድከም። የተበላሸው ሳጥኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አሉት።

መስኮቱ ሥር ልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ያሉት ባለቤታቸው መርገጫውን አቆሙ። እጃቸው ላይ የሆነ ጥቁር ልብስ አለ።

አማቻቸው «እስቲ ይነሱልኝ» አለና ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቆየ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባባ! እኔም አልሰማም እኮ!»

«አንተ ደግሞ ለማጽናናት!»

«ይሙቱ ስልዎት! ጥፋቱ የቦታው ነው። ክፍሉ ድምፁን እዚህ ጋ ይበላዋል።»

መላው ምን መሰላችሁ? ሳጥኑን የጋሽ ቤዝ ወንበር ላይ ማስቀመጥና፣ ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ወለሉ ላይ እየዳሁ መፈለግ! ጋሽ ቤዝ «የልጅ ልጆቼ እንዳያዩኝ በሩን ዝጋው» አሉና ተንበረከኩ። አማትና አማች ሳሎኑን ተካፍለው መዳህ ጀመሩ። በሩ አጠገብ ትንሽ አለ። ሶፋው ጥግ ጭራሽ የለም። ጋሽ ቤዝ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጠረጴዛውን ዞሩና ከባለቤታቸው እግር ሥር ደረሱ።

«ዝም በሉ!» ብለው ጮኹ። የተናገረ ሰው ግን አልነበረም።

ዱም፣ ዱም ዱም። ጠርቶ፣ ወፍሮ፣ ሆዳቸው ድረስ ገባ። ያኔ ሲቀርጹ ጣታቸው ያዳለጠበት ስህተት እንኳ ሳይቀር ተሰማቸው።

«አለሁ! አለሁ እኮ!» አሉና እንባቸው መጣ።

አማቻቸው ደስ ብሎት «እንግዲያው የሳጥኑ ቦታ እዚህ ነው። መኪናውን ወደ ጓዳ እናስገባዋለን» አለ።

ጋሽ ቤዝ ቀና ብለው የባለቤታቸውን ፊት አዩ። ለእኚህ ሴት ከመስኮቱ ብርሃን መነሳት ማለት ሥራ መፍታት ነው።

«ምን ቆርጦህ! ሳጥኑ እኔ ቦታ ይቅር። ወንበሬን ወደዚህ አምጣልኝ።»

መጣላቸውና ከመኪናው ጎን ተቀመጡ። ስንት ዘመን ሳሎኑን በሁለት ጥግ ይዘው ሲኖሩ፣ ትከሻ ለትከሻ የገጠሙት ገና ዛሬ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ ቤዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚ፣ ለእነዚያ ሰዎች ደውዪና… ወገቡ ተሽሎታል በያቸው።»

ባለቤታቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «መቼ አሞታል አልኳቸውና?»

«አልደወልሽም?»

«ደውዬማ ነበር። ይመጣል አልኳቸው።» ጥቁሩን ልብስ አራገፉት፤ የጋሽ ቤዝ የድሮ የመድረክ ኮት ነው። «ይልቅ ተነስና ልበሰው፤ ጎኑን አስፍቼዋለሁ።»