ቀጥ ያለው እጀታ

የሐኪም ቤቱን ጀነሬተር የሚጠብቀውን መካኒክ ሁሉም «ጋሼ ሞተር» ነው የሚሉት። ሲያወራ ይጮሃላ! ዕድሜ ልኩን ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ ሰው ምን ያድርግ።

ያን ሰሞን እናቱ እዚያው ሐኪም ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኝታ ነበር። ሳንባዋ ደክሞ በጭምብል ነው የምትተነፍሰው፤ ኦክስጅን የሚሰጣት መሣሪያ ደግሞ መብራት ከሌለ ተራ ዕቃ ነው። መጠባበቂያው ሲሊንደር ካለቀ ሰንብቷል። ማን ይጨነቃል? ጋሼ ሞተር አለ።

ጠዋት ቧንቧ ሠራተኛው የናፍጣውን መስመር ቀለም ሊቀባ መጣ። ቫልቩን ዘጋ፣ እጀታውን ፈታ፣ ቀባ። ሲጨርስ እጀታውን ከቧንቧው ጋር ቀጥ አድርጎ መልሶ አሰረው። ቀጥ ካለ ክፍት፣ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ መሆኑን የማያውቅ የለማ! እጀታውን መሆን ባለበት ቦታ አስቀመጠና ሄደ። ቫልቩ ግን ውስጡ ጥርቅም እንዳለ ነው።

ጋሼ ሞተር ይህን ጣጣ አሳምሮ ያውቃል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ «እጀታ ይዋሻል! ከእጀታው ሥር የቫልቩ ዘንግ አናት ላይ ያለችውን ጭረት በጥፍርህ ዳስስ፣ የቫልቩን ሆድ የምታውቀው እሷ ናት» እያለ ጆሮ ያደነቁራል። ያን ቀን ግን እናቱን ሾርባ ሊያጠጣ ቸኩሏል። ጭረቷን ቀለም ውጧታል፤ እሱም አልፈለጋት። እጀታውን በዓይኑ አየ፣ ሞተሩን ለሙከራ አስነሳ፣ ትንሽ አስጮኸና አጠፋው። መስመሩ ውስጥ በቀረችው ናፍጣ መነሳቱን አልጠረጠረም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። የሱ ግን የሚለቀም አልሆነም።

ሾርባው ሳይጋመስ መብራት ሄደ።

«አይዞሽ እማዬ፣ አሁን ይነሳል» አላት።

ተነሳም። ከዚያ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ።

እናቱን ለታናሽ እህቱ ትቶ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ፊልትሮውን ፈታ፤ አየር ብቻ። ታንከሩን አንኳኳ፤ ሙሉ ነው። ፓምፑን በእጁ ገፋ፣ ሰደበው፣ ለመነው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እጀታውን ስንቴ አየው! ቧንቧ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ምን ላግዝህ?» ይላል። በመጨረሻ ከቫልቩ ቀጥሎ ያለውን ማያያዣ ፈታው። ደረቅ ነው። ያኔ ጭረቷ ትዝ አለችው። ቀለሙን በጥፍሩ ቢፍቀው፣ ጭረቷ ቧንቧውን አቋርጣ ተጋድማለች።

«ወይኔ! ወይኔ ሰውዬው!»

እጀታውን አዞረው፤ ናፍጣው ጎረፈ። ማያያዣውን አጥብቆ፣ አየሩን አስወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳው ሐኪም ቤቱ ተናጋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ላይ ሲደርስ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል፤ መሣሪያውም ይሠራል። ነርሷ ጭምብሉን ከእናቱ ፊት አነሳችና መሣሪያውን አጠፋችው።

ታናሽ እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናታቸውን እጅ ይዛለች።

«የኔ ጥፋት ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አልፈራችም እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው እህቱ ዕንባዋን እየጠረገች። «ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ‹እሱ ታች ካለማ ምን እሆናለሁ› እያለች በሩን በሩን ስታይ ነበር።»