ዞር ያለው ንጉሥ

ቡሬ ገበያ ዳር፣ የጥሊያኖቹ መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ሲወጠር አቻምየለሽ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። መምጣት አልፈለገችም። አስተርጓሚው ክንዱ ግን ከሲኒማው የቀረ ሰው ይጠየቃል እያለ ቤት ለቤት ዞሯል። እሷን ደግሞ ለብቻዋ አነጋግሯታል፤ ባሏ ላቀው ከጫካ ወጥቶ ቢገባ ምሕረት አለው፣ መሬቱም አይነካም ብሏታል። ነገ ስንቅ ሲሄድለት "ግባ" ብላ ልትልክበት ትንሽ ነው የቀራት።

ሞተሩ ጮኸ፣ ጨርቁ ላይ ብርሃን ፈሰሰ። ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንዲት ልጅ ወንዝ ገብታ ልብሷ ሳይርስ ወጣች። አበባ ሲከፈት ውስጡ የሕፃን ፊት አለ። አንድ ረጅም ደረጃ እንደ ከብት ሆድ ይተነፍሳል። ደረጃው ጫፍ ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ቆሞ ያለቅሳል፤ እንባው ወፍ እየሆነ ይበራል። ሴቶቹ አማተቡ። ክንዱ ተረት ነው፣ ልጅቱን ሊያገባት ነው እያለ ይተረጉማል። ንጉሡ አንጀት ይበላል፣ ሰው ሁሉ ወደደው።

ኋላ ንጉሡ ወደ ልጅቱ ዞር አለ። የፊቱ ጎን ብቻ ታየ።

"አንድ ዓይን ሆነ" አለ አንዱ ከኋላ።

ሰዉ እንደ ንብ ጉም ጉም አለ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን የሚቀረው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን የማያውቅ የለም።

አቻምየለሽ ከሴቶቹ ኋላ ወደተቀመጡት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዓሊ ወደ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ጠጋ አለች። "መሪጌታ፣ ቅድም ደግ አልነበረም እንዴ?"

ክንዱ ሰምቶ ሳቀ። "አይ እናንተ። ዞር ብሎ እኮ ነው። ሌላው ዓይኑ በዚያ በኩል አለ።"

"እሱስ እውነትህን ነው ልጄ" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። "ሰው የሚታወቀው ዞር ሲል ነው።"

ሰዉ ሳቁን በነጠላው አፈነ። አቻምየለሽ ጨርቁን ትታ ክንዱን ማየት ጀመረች። ለካ ሲኒማውን አያይም። እሱና የጥሊያኑ ሹም ጀርባቸውን ለጨርቁ ሰጥተው፣ በዚያው ብርሃን የሰዉን ፊት እየለቀሙ ነው፤ ከየትኛው ቤት ወንድ እንደጎደለ ለማወቅ። ምሕረት የሚሰጥ ሰው እንዲህ ያደባል?

ሲያልቅ ክንዱ መንገድ ላይ ጠበቃት። "እሺ፣ ላቀው ይገባል?"

"ገብቷል" አለችው።

"የት?"

"አፈር። መርዶው ዛሬ ደረሰኝ።"

ሹሩባዋን ትክ ብሎ አየው። "እና ሐዘንተኛ እንዲህ ተሠርታ ሲኒማ ትመጣለች?"

"የቀረ ይጠየቃል ብለህ የለ? ለቅሶው ነገ ነው። ና፣ ድረስ።"

በቀጥታ የሄደችው ጎረቤቷ ሀብትነሽ ቤት ነው። ለላቀው የሚሄደውን ስንቅ አብረው ነው ያዘጋጁት። ምላጭ አምጪና ጠጉሬን ላጪኝ ስትላት ሀብትነሽ ደነገጠች።

"በቁሙ ልታለቅሺለት? ሟርት ነው እኮ እህቴ፣ እግዜር ይሰማል።"

"ይስማ። እነሱም ይስሙ" አለችና ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች።