የምንይችል መቃብር የትኛው ነው

ወንድሜ ምንይችል ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ከተማ ለቀን ሥራ ወርዶ፣ በሦስተኛ ወሩ ሆስፒታል ገብቶ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሳንደርስለት ከተማው ቀበረው። በእኛ አገር ደግሞ አጽም ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይፈልስም። ሚስቱ ወይንሸት በሁለተኛው ዓመት «እትዬ፣ መቃብሩን እንኳ ሄደን እንየው» ብላ ብታለቅስ፣ «ሳናወጣው ሄደን ምን ልናይ? ሰባት ሲሞላ አመጣዋለሁ» ብዬ ከለከልኳት። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ዘንድሮ ሰባት ሞላው። ሣጥን አሠርቼ ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የቀብር መዝገብ ቢሮ ሄድኩ። ማርያማዊት የምትባለዋ ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ስትፈልግ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ያን ቀን የተቀበሩ ሦስት ወንዶች ናቸው። የመቃብሩ ቁጥር አለ። ስማቸው ግን ይኸው።»

በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል ባላልፍም ምልክቷን አውቃታለሁ።

«ምነው ልጄ! ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ መልሶ ይጠይቀኛል?»

«አምና ከወረቀት የተገለበጠውን የመረጃ ቋት ውስጥ ሲያስገቡ፣ ቋቱ የፈረንጅ ፊደል ብቻ እንዲይዝ ነበር የተሠራው። በእኛ ፊደል ፋንታ ይህን አስቀመጠ።»

«እንግዲያ አስተካክይዋ!»

«ፊደሉ ተዘበራርቆ ቢሆን እመልሰው ነበር። ይሄ ግን ከሥሩ ምንም የለም፤ ጠፍቷል።»

«ወረቀቱስ?»

«እስከ አምና ነበር። ኮምፒውተር ገባ ተብሎ ተቃጠለ።»

እስከ አምና።

«ዕድሜውን እይልኝ። ሠላሳ አራት ነበር።»

«ሦስቱም ሠላሳ ይላል፣ እትዬ።»

የገጠር ሰው ዕድሜህ ስንት ነው ሲሉት ሠላሳ ይላል፣ አርባ ይላል። ማን ቆጥሮ ያውቃል!

መካነ መቃብሩ ሄድኩ። ሦስቱም ጎን ለጎን ናቸው፤ ሣር ለብሰዋል። ዘበኛው አያ ክንዱ ነገሩን ሰምተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንዱን ውሰጂ እኅቴ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ! የሰው ወንድም ወስጄ ወይንሸትን ላስለቅሳት? የዚያኛውስ ሰው እናት ነገ ሣጥን ይዛ ብትመጣ?»

ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ከኮሶዬ ወይንሸት ናት።

«እትዬ፣ ጉድጓዱ አልቋል፤ ካህናቱም መጥተዋል። ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?»

ትደርሳላችሁ አለችኝ፤ እኔንና እሱን።

«አፈሩን መልሱት» አልኳት።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«አፈሩን መልሱት፣ ወይንሸት። ያኔ እንሂድ ስትይኝ መሄድ ነበረብን።»