የትርንጎ የሕይወት ታሪክ

ሠናይት አርባ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ሥር ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለና ጎንበስ ብላ ጉልበቶቿን ያዘች። ከፊቷ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ድልድዩ ይታያል። ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ድረስ ሮጣ ተመልሳለች። የጥቅምት ውርጭ ጆሮዋን ይቆነጥጣል፤ እግሯ የከበደው ግን በብርዱ አልነበረም።

ሩጫ ለእሷ መቼ ተፈጠረና! ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት ቆማ እህል የምትመዝን የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ሯጯ ታናሽ እህቷ ትርንጎ ነበረች። "እስከሚቀጥለው ምሰሶ ብቻ፣ እትዬ! ሌላውን ነገ እንጨምራለን" እያለች እጇን ጎትታ ያስጀመረቻት ያቺ ልጅ ናት። ነሐሴ ሲገባ፣ ጉም ምድሩን በሸፈነበት ንጋት፣ እዚህ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ገጫት። ምነው ጌታዬ፣ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የሕይወት ታሪኳን ጻፊ ቢሏት ሠናይት፣ "አሥረኛ ክፍል የወደቀ ሰው ምን ይጽፋል?" ብላ ሸሸች። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሼ ሙላቴ ለሟች ሁሉ የሚያነቡትን ወረቀት ስም ብቻ ቀይረው አነበቡት። ወንድ እንኳ ያልነካት ልጅ "ለባለቤቷ ታማኝ፣ ለልጆቿ ደግ እናት" ተባለች። መሮጧን ማንም አላነሣም። እናቷ ወይዘሮ እመቤቴ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ "የማንን ልጅ ነው የምትቀብሩት?" ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት ከሠናይት ጆሮ አልወጣ አለ። እናቷም ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አላየቻትም።

ስለዚህ በሰማንያው ተዝካር እንደገና እንዲነበብ ተባለ፤ ሠናይትም እጽፋለሁ አለች። የመጀመሪያው ቀን ስሟን ብቻ ጻፈች። በማግስቱ የተወለደችበትን ዓመት። በሦስተኛው ቀን፣ "ትርንጎ እርጥብ ጫማዋን ምድጃ አጠገብ እየተወች እናታችንን ታናድዳት ነበር" አለች። እያለቀሰች ነበር የጻፈችው፤ ግን እውነተኛዋ ትርንጎ ወረቀቱ ላይ ብቅ አለችላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አንድ ምሰሶ ጨምራ መሮጥ፣ ከሥራ ስትመለስ አንድ መስመር መጻፍ ልማዷ ሆነ። አሁን የቀረው እንዴት እንደሞተች ብቻ ነው፤ ነገ እሑድ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል።

ቀና አለች። አልሮጠችም፤ ቀስ እያለች ተራመደች። ድልድዩ ላይ ወጥታ መሬቱን ቃኘች። ምንም የለም። ከሥር ውኃው ይወርዳል፤ ገብስ የጫነ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ "እንደምን አደርሽ" ብሏት አለፈ። የድልድዩን ጠርዝ ይዛ እሪ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት እንባዋን ጠርጋ እስከ ማዶው ምሰሶ ሮጠች።

ቤት ስትደርስ ጋሼ ሙላቴ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቷን ያነባሉ። እናቷ ለነገ የሚሆን ምስር ትለቅማለች።

"ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ!" አሉ ሽማግሌው። "ያን ዕለት አሳፍሬያችኋለሁ። መዝጊያውን ግን አትጨነቂበት፤ 'በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች' በይና ጨርሽው።"

"ይህ ውሸት አይደለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"እኔ ጎደልሁበት።"

ነገሩ ሳይገባቸው ተሰናብተው ወጡ። ሠናይት ተቀምጣ ጻፈች። ስትጨርስ፣ ከሰው ሁሉ በፊት ማን መስማት እንዳለበት ታውቅ ነበር።

"እማ፣ ምስሩን አስቀምጭው። ላንብብልሽ።"

"ምነው ልጄ? ፊትሽ ልክ አይደለም።"

ሠናይት አነበበች፦ "ያን ዕለት ጠዋት ትርንጎ አሞኛል፣ ዛሬስ ልተኛ ብላ ለምና ነበር። ውድድር ደርሶ ምን ስንፍና ነው ብዬ፣ ብርድ ልብሷን ገፍፌ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ጉሙን እያየሁ ላክኋት። እኔ ተመልሼ ተኛሁ።"

እመቤቴ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች። ሠናይት እርግማኑን ጠበቀች፤ ቢመጣም ይገባኛል ብላ ነበር።

"ሰምቻለሁ" አለች እናቷ በመጨረሻ።

"አሁን ያነበብሁትን?"

"ያኔውኑ ሰምቻለሁ። መደቡ ላይ ነቅቼ ነበር። ሳሏንም ልመናዋንም ሰማሁ። ተያት ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዳሩ እኔም እንድታሸንፍ ጓጓሁና ዝም አልሁ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ዓይንሽን የሸሸሁት ተቆጥቼ መሰለሽ? አፍሬ ነው እንጂ!"

ሁለቱም ያለቀሱት ለቅሶ የቀብሩን ዕለት ያስናቀ ነበር። ለካስ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ በአንድ እሳት ለየብቻ ሲቃጠሉ ከርመዋል። እመቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

"የኔንም ጻፊው" አለች።

"እማ፣ ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል። ሳትቀንሽ ጻፊ።"

ሠናይት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና፣ ከራሷ ቃል ሥር "እናታችን እመቤቴም" ብላ ጀመረች።