ሠላሳ አንድ ምስክር፣ አንድ በር

የመንገደኞቹ ጀልባ ስትገለበጥ ሰማንያ አራት ሰው ተሳፍሮባት ነበር። የተረፈው ሠላሳ አንዱ ብቻ ነው። አጣሪ ኮሚቴው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ የእነዚህን ሠላሳ አንድ ሰዎች ቃል ሲቀበል ግን፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ደፈር ያለው ደግሞ አራትና አምስት ሰው ከውሃ ጎትቶ ያወጣ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው በትርፍ ሰዓቱ ቢደምረው የዳነው ሰው ዘጠና ስድስት ደረሰ። ታዲያ ማን ነው የሰጠመው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንዱ መብራት ጠፋ አለ፤ ሌላው መብራቱ እስከ መጨረሻው ቦግ ብሎ ነበር ብሎ ማለ። ጀልባዋ በግራ ጎኗ ወደቀች፣ የለም በቀኝ ነው፣ ኧረ በአፍንጫዋ ነው የተደፋችው ተባለ። ካፒቴኑ ለአንዱ መሪውን እንደያዘ ቀረ፣ ለሌላው ከሁሉ ቀድሞ ዘለለ፣ ለአንዲት ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተሳፈረም። አስተማሪው ጉም ነበር ሲሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ አሉ። ሁሉም ለየብቻው ጀልባ ተከራይቶ የሰጠመ ነው የሚመስለው።

በአንድ ነገር ግን ሠላሳ አንዱም ተስማሙ፦ የታችኛው ክፍል በር ተቆልፎ ነበር። ሰብሳቢው ይህን ሲያዩ የጠፋ ልጅ እንደተገኘላቸው ደስ አላቸው። ጀልባ የሚባል ነገር ዳር ቆመው አይተው እንጂ ውስጡ ገብተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ስምምነት ሲያገኙ ግን እውነት ያገኙ ይመስላቸዋል።

በሩን የቆለፈው አብሮ የሰጠመው የጀልባዋ በረኛ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

ይህ ሰው ከተረፉት አንዱ ሲሆን ፀጉር ቤቱ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው። ሁለት ወንበር አለው፤ አንደኛው ከፍ ካለ ዝቅ አይልም። ከአደጋው በኋላ ሦስት ቀን ተኝቶ በአራተኛው ከፈተ፤ ደንበኛ እንደዚያ ቀን ጎርፎለት አያውቅም። ሰው ሁሉ መስማት ፈለገ፤ እሱም ማውራት ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው ሙያ ነው። ፀጉር መቁረጥን የተማረው ለወሬ የሚሆን ሰው አንድ ቦታ አስሮ ለማስቀመጥ ነው እያለች ሚስቱ ታሾፍበታለች።

ወሬውን በሥራው ልክ ነበር የሚቆርጠው። ጢም ብቻ ለሚላጭ አጭሩን፦ ወጣሁ፣ ዋኘሁ፣ ዳንኩ። ፀጉር ለሚስተካከል ሁለት ሴቶች ይጨመራሉ። ቀለም ለሚቀባ ደግሞ ቀለሙ እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት ስላለበት፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ጠልቆ በመጨረሻ በረኛው በእጁ ላይ «ሚስቴን አደራ» ብሎ ሲያርፍ ያያል። መዋኘት እንደማይችል የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረም።

በሩ የተቆለፈው በዚያው በአራተኛው ቀን ነው። አንድ ሹፌር አንገቱ ላይ አረፋ ተቀብቶ፣ «ታዲያ በምን ወጣህ?» አለው።

«በበሩ።»

«ዝም ብለህ በበሩ?»

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ የሹፌሩን ዓይን አየ። ሊያንቀላፋ ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋበት ደግሞ ነፍሱ ትወጣለች። «ተቆልፎ ነበር እኮ!» አለ ምላጩን ከፍ አድርጎ። «በትከሻዬ ነው የሰበርኩት!» የሹፌሩ ዓይን ተበርግዶ ተከፈተ፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ቀረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌሎቹ ተራፊዎችም ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ሰው መምሰል ስላለባቸው መጀመሪያ እሱ ጋ ጎራ ይላሉ፤ ከዚያ ተላጭተውና በሩን ቆልፈው መንገዱን ይሻገራሉ። ምላጭ አንገቱ ላይ አርፎ የሰማውን ነገር ማን ይጠራጠራል? ሴቶቹም ከባሎቻቸውና ከወንድሞቻቸው ሰሙት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚህ ፀጉር ቤት ግን እያደረ የሚፋፋው ሌላው ነበር። ችግሩ ግማሽ ያህሉ በሩን የሰበረው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። በኮሚቴው መዝገብ ላይ በሩ አሥራ አራት ጊዜ ተሰብሯል። ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩት ደግሞ ተዘግቷል እንጂ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ሰብሳቢው መዘጋቱን በማስረጃነት መዘገቡ፤ አለመሰበሩን ዝርዝር ነገር ነው ብለው አለፉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ሊላጩ መጡ። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ «እንግዲህ ነገሩ አለቀ» አሉ። «ሰኞ እንዘጋዋለን። ጥፋቱ የበረኛው ነው። በሩን ቆልፎ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሶ ሊሸሽ ሲል ሞተ።»

«በረኛው?»

«የጀልባዋ ድርጅትም ተስማምቷል። ሰውዬውም አይከራከር፤ የሞተ ተጎዳ።»

«ሚስት ነበረችው አይደል?»

«አለች። ከድርጅቱ ቤት ትለቃለች። ጎረቤቶቿ በር እየዘጉባት ነው አሉ፣ የነፍሰ ገዳይ ሚስት እያሉ። ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው ክፉ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ በሃያ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ የደንበኛ አገጭ ቆረጠ።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ያጠፈችውን ሸሚዝ መልሳ ዘረጋችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የዚያን ዕለት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ጥርስህ እየተንገጫገጨ የነገርከኝ ይሄን ነው?»

«ያኔማ ደንግጬ ነበር።»

«ስትደነግጥ ብቻ አይደል እንዴ እውነት የምታወራው! ሂድና ተናገር።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ምንም አይልህም። አያምንህም እንጂ።»

ሌሊቱን ዓይኑ አልተከደነም። እሑድ ሱቁን ሳይከፍት ዋለ። ከዚያ በፊት አፍሮ አያውቅም ነበርና ሲያፍር እንደ ጉንፋን ያዘው፤ መላ ሰውነቱን ቆረጠመው።

ሰኞ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የበረኛው ሚስት ጥቁር ለብሳ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ በግራም በቀኝም የተጠጋት የለም። ሰብሳቢው አገጫቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ ቃሉን የሚያርም ካለ ብለው ለወጉ ያህል ጠየቁ። ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ።

«በሩ አልተቆለፈም ነበር» አለ።

ሰብሳቢው ፕላስተሩን ነካ ነካ አደረጉ። «ይሄ ስንተኛህ ነው? ሦስቱን እኔው ራሴ ወንበርህ ላይ ሰምቻለሁ። በአንደኛው ሁለት ሴቶች አወጣህ፤ በሌላው ሦስት ጊዜ ጠለቅህ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እኔን ልታርደኝ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ሰው ሲስቅለት ይወዳል፤ ያን ቀን ግን አልወደደውም።

«ጀልባዋ ስታጋድል በሩ በራሱ ክብደት ሊዘጋ መጣ» አለ። «በረኛው በጀርባው ደግፎ ያዘው። ሰው በብብቱ ሥር እየሾለከ ወጣ። እዚህ የተቀመጣችሁት ግማሻችሁ በዚያ ነው የወጣችሁት።»

ሳቁ ቆመ። ከፊት የነበሩት ምስክሮች አንድ በአንድ ጫማቸውን ይመረምሩ ጀመር።

«እኔ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። መዋኘት አልችልም። እናት አለችኝ፣ ሱቅ አለኝ እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። ከኋላዬ ሰው አለ፤ እኔ መንገድ ዘግቼ አወራለሁ። እሱ የለበሰውን ጃኬት በአንድ እጁ አወለቀና አለበሰኝ። ማንንም አላዳንኩም። ማንንም! እሱ ሲደክም በሩ ተዘጋ። ለዚህ ነው ተዘግቶ የተገኘው።»

ሰብሳቢው ጸሐፊውን አዩ፤ ጸሐፊው ብዕሩን አላነሳም። «ስማኝ ወንድሜ» አሉ፤ «ሰው ቃሉን ስድስት ጊዜ ከለዋወጠ ስድስተኛውን ብቻ ለይቼ የማምነው ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ልክ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች የበረኛው ሚስት ከኋላ። ስትነሳ ማንም አላያትም ነበር።

«እህቴ፣ ሥርዓት አለ…»

«ጃኬቱን ሲያለብስህ ምን አለህ?»

«ሚስቴን አደራ» የሚለው በፀጉር አስተካካዩ ምላስ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። ስንቱን ደንበኛ ያስለቀሰበት፣ አንዴ ሰብሳቢውን ራሳቸውን ዓይናቸውን ያስጠረገበት ቃል ነው። ለሴትዮዋም ደግ ቃል ነው፤ ዕድሜ ልኳን የምትጽናናበት። ማንንም አይጎዳ።

«ይቅርብዎ እህቴ» አለ። «ደህና ነገር አይደለም።»

«ንገረኝ።»

«'አንተ ለፍላፊ፣ አፍህን ዝጋና እጅህን አስገባ' አለኝ። ከዚያ መቀመጫዬን በእርግጫ ብሎ አስወጣኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደቡ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።

«ከእናንተ ሃያ ሦስታችሁ ቤቴ መጥታችኋል» አለች። «ሃያ ሦስታችሁም የባሌን የመጨረሻ ቃል ይዛችሁልኝ መጣችሁ። ለአንዱ ጸለየ። ለአንዱ ስሜን እየጠራ አለቀሰ። በር ቆልፏል የምትሉትን ሰው እኔ ጋ ስትመጡ ጻድቅ ታደርጉታላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። 'አንቺ ለፍላፊ' ነው የሚለኝ። ሲቆጣም እሱን ነው፣ ታምሜ እግሬን ሲያሽልኝም እሱን ነው። ሌላ ቃል አልነበረውም።» ጣቷን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዘረጋች። «ይሄ ሰው ውሸታም ነው። ባሌን ግን አግኝቶታል።»

ሰብሳቢው የሚፈርሙበትን ወረቀት አንዴ፣ ሴትዮዋን አንዴ እያዩ ቆዩ። ወረቀቱ ያምር ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሰው የተስማማበት ነው።

«'ተቆልፎ ነበር' የሚለውን ሰርዝ» አሉ በመጨረሻ።

«ሠላሳ አንድ ቦታ ነው ያለው» አለ ጸሐፊው።

«ሠላሳ አንድ ቦታ ሰርዝ! የዚህን ሰውዬ ቃል ጻፍ።»

«ስድቡንም?»

«ስድቡንም።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሴትዮዋ በመካከለኛው መተላለፊያ መጥታ ጠረጴዛው ፊት ቆመችና እንዲያነብላት ጠየቀችው። ጸሐፊውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የመሬት ካርታ እንደሚያነብ ሰው በደረቅ ድምፅ አነበበ፦ «ሟች ምስክሩን 'አንተ ለፍላፊ፣ አፍህን ዝጋና እጅህን አስገባ' ካሉት በኋላ፣ በእግራቸው መትተው ወደ ውጭ አስወጡት።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትሳቅ ይሁን ታልቅስ ፀጉር አስተካካዩ አላወቀም።

«አንዴ ድገምልኝ» አለች።

ጸሐፊው ደገመላት።